የአመሻሹ መርከብ

አርጊሮ ከሏን ያወለቀችው መርከቡ ሽንት ቤት ውስጥ ነው። ቦታው እንኳን ልብስ ሊቀየርበት ሰው ዞር ሊልበት የማይበቃ ነው፤ አንዱ ክርኗ ከመስታወቱ፣ ሌላው ከበሩ እጀታ ይላተማል። መርከቡ ከግሪኳ ደሴት ከኪዮስ ወደብ ወጥቶ መናወጥ ጀምሯል። ጥቁሩን ቀሚስ በራሷ ላይ ስትገፈው አንዱ ቁልፍ ከፀጉሯ ጋር ተጠላለፈና፣ እጆቿ ወደ ላይ እንደተዘረጉ፣ ፊቷ በጨርቁ እንደተሸፈነ ቀጥ ብላ ቀረች።

«ልቀቀኝ እንጂ!» አለችው ቀሚሱን፣ እንደ ሰው።

አለቀቃትም። ሳበችው። ቁልፉ ጥቂት ፀጉሯን ይዞ ተበጠሰና ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ጎንበስ ብላ አልፈለገችውም።

ባሏ ኢሲዶሮስ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ቀለም ወጥታ አታውቅም። በእነሱ መንደር ባሏ የሞተባት ሴት ከል መግባቱን እንጂ መውጣቱን አታውቅበትም፤ ከላይዋ የሚወልቀው ሲገንዟት ነው። ሕግ ብሎ የደነገገው የለም። ግን አንዷ ብርድ ጠንቶባት ግራጫ ሹራብ ጣል ካደረገች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ከጓዳ ጓዳ ይዞራል፤ «ምነው፣ ሟቹን ረሳችው እንዴ?» ይባላል። ወንዶቹስ? ወንዶቹማ ሌላ ናቸው። ጎረቤቷ ፓንደሊስ ሚስቱ ስትሞት ያሰረውን ጥቁር ክራባት አርባዋ በወጣ ማግስት ፈታው፣ ዞር ብሎ ያየውም የለ።

ከሁለት ዓመት በፊት ከከተማ ገዝታ ከአንሶላ ሥር የደበቀችውን ሰማያዊ ቀሚስ አጠለቀች። ወገቡ ላይ ትንሽ ጠብቧታል። መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴት አየቻት፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አንገቷ ላይ ፀሐይ ያላየው ቆዳ የተላጠ ድንች መስሏል። ሳቋ መጣ። ወዲያው ደግሞ ልጇ ትዝ አላት። ስቴሊዮስ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ሊያገባ ነው። ለእሱ የነገረችው ወደ ከተማ ለሐኪም እንደምትሄድና እህቷ ዘንድ ሁለት ሌሊት እንደምታድር ነው።

«እንግዲህ ካፈርኩ አይመልሰኝ» አለችና በሩን ከፍታ ወጣች።

ፓንደሊስ ከመርከቡ ኋላ ቆሞ ደሴቲቱ ስትርቅ ያያል። ሠላሳ ዓመት የመርከብ ሞተር ሲጠግን የኖረ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ንግግሩ ግን ጭምት የሆነ ሰው ነው። ሙጫቸው የሚሸጥ የማስቲካ ዛፎቹ ከእሷ ዛፎች ጋር ጎን ለጎን ናቸው። ኢሲዶሮስ በሞተ በበጋው፣ ማንም ሳይጠይቀው የእሷንም ዛፎች ሙጫ እንዲያነቡ ግንዳቸውን በጩቤ እየዞረ ጫረላት። አርጊሮ መጥታ «ይሄ መጫር ነው ወይስ ማረድ?» ብላ ጩቤውን ከእጁ ቀማችው፤ እንዴት እንደሚጫርም አሳየችው። ነገሩ የተጀመረው በዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ በየበጋው ዛፍ ሥር ተንበርክከው፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ሲያወሩ ኖሩ። አሁን ሁለት ሌሊት ቼሽሜ ሊያድሩ ነው። ከደሴቲቱ አሻግሮ የሚታይ የሰው አገር፣ የቱርክ ምድር፤ ማንም የማያውቃቸው፣ ማንም የማይጠይቃቸው ከተማ።

በጥንቃቄ ነበር የተሳፈሩት። እሷ ቀድማ፣ እሱ ከሃያ ሰው በኋላ። ወደቡ ላይ ዓይን ለዓይን ተጋጭተው ሁለቱም አንገታቸውን አዞሩ። አሁን መሀል ባሕር ላይ ነው፣ ማን አለ ብላ አጠገቡ ሄዳ ቆመች። ፓንደሊስ ዞሮ ሲያያት እይታው ሰማያዊው ቀሚስ ላይ ቀረ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ንፋሱ ነው» አለ።

«አዎ፣ ንፋሱ ነው» አለች አርጊሮ።

«አንቺ! አርጊሮ ነሽ ወይስ ዓይኔ ነው?»

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ኤቫንቲያ ናት። ባዶ ዘንቢሎቿን በሁለት ክንዷ አንጠልጥላ፣ ለቼሽሜ ገበያ የቀን ጉዞ የወጣች። ከቤቷ እስከ አርጊሮ ቤት ድምፅ ከፍ ሳይደረግ ይወራል።

«ነኝ» አለች አርጊሮ።

«ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!» ኤቫንቲያ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አየቻት። «ምነው እቴ፣ ኢሲዶሮስ ተነሳ እንዴ?»

«እሱ አልተነሳም። የተነሳሁት እኔ ነኝ።»

ኤቫንቲያ አማተበች። ከዚያ ወደ ፓንደሊስ ዞረች። «አንተስ፣ ጎረቤት?»

የፓንደሊስ ፊት ቀላ። እጁን ከመርከቡ አጥር ላይ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። «እኔ... ለጀልባዬ ሞተር ዕቃ ልገዛ ነው። አርጊሮን አሁን ነው ያየኋት። በአጋጣሚ።»

አርጊሮ ቀስ ብላ ዞራ አየችው። እሱ አላያትም።

ኤቫንቲያ በሳቅ ፈረሰች። «በአጋጣሚ! ኧረ በማርያም! ሰውዬ፣ እኔ እኮ ጠዋት ወደቡ ላይ ነው ያወቅኋችሁ። እሷ ከፊት፣ አንተ ከኋላ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ አንገት ሰብራችሁ፣ ሰላም እንኳ ሳትባባሉ! የአንድ መንደር ሰው፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ዛፋችሁ ጎን ለጎን! በእኛ አገር ሰላም የማይባባል የተጣላ ወይ የተዋደደ ነው። እናንተ ደግሞ መጣላታችሁን አልሰማን። ደህና አደርሽ ብለሃት ብታልፍ ኖሮ ማን ዞር ብሎ ያይህ ነበር?»

እውነቷን ነው፤ ለመደበቅ ብለው ራሳቸውን በገዛ እጃቸው አስይዘዋል። ኤቫንቲያ ስቃ ስትጨርስ ፊቷ ኮስተር አለ፣ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

«ነውሩ ነውር ነው፤ ልጅሽን ልትድሪ ሳምንታት ሲቀሩሽ። አንጌሊኪ ብትሰማ በቁሟ ትቀበራለች፤ ምን ቢሆን የሟቹ እህት ናት። ይሄን ስል ደግሞ... ታድራላችሁ?»

«እናድራለን» አለች አርጊሮ።

«የጨርቅ ገበያው ነገ ነው፣ እኔ ማታ ተመላሽ ነኝ። ካደራችሁ አይቀር ሁለት ትልልቅ ፎጣ ያዢልኝ። ነጭ ይሁን፤ ቀለም ያለው ይለቃል።» ብላ ሄደች። ገና ደረጃውን ሳትወርድ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች።

አርጊሮና ፓንደሊስ ቼሽሜ ወርደው ፓስፖርት የሚመታበት ሰልፍ ላይ ቆሙ። እሱ ሻንጣዋን ሊይዝላት እጁን ዘረጋ፣ እሷ ወደ ሌላኛው እጇ አዞረችው። እንዲያው ጆሮዋ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ያቃጭላል፤ በአጋጣሚ። ስድስት ዓመት የለበሰችውን አውልቃ፣ የልጇን ፊት ረግጣ፣ የመንደሩን አፍ በራሷ ላይ ከፍታ የመጣችው በአጋጣሚ ነው!

ክፍሉን የምታከራየው ቱርካዊት አሮጊት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሁለቱን ፓስፖርቶች አገላበጠች። አንድ ነገር ጠየቀች። ፓንደሊስ በመርከብ ሕይወቱ የለቃቀማት ጥቂት ቱርክኛ አለችው፤ መለሰላት፣ ጆሮው እስኪቀላ።

«ምንድነው የጠየቀችህ?» አለች አርጊሮ ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ።

«ምንም።»

«ፓንደሊስ።»

«ምን ትሆንሃለች አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

ፓንደሊስ መስኮቱን ከፈተ። መስኮቱ ወደቡን ያሳያል። «የአጎቴ ልጅ ናት አልኳት።»

አርጊሮ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ የሳቀች መሰለው። «ለቱርኳም? እሷ ደግሞ ለማን ልትነግርብን ነው? ለአንጌሊኪ?»

ስልኳ የጮኸው በዚህ መሀል ነው። ስቴሊዮስ ነው።

«እማዬ፣ የት ነሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር። ሐኪም ቤት ነኝ፣ ወረፋ እየጠበቅሁ ነው ማለት ትችል ነበር። ፓንደሊስን ቀና ብላ አየችው። «ቼሽሜ ነኝ» አለች።

«ከማን ጋር?»

«ከፓንደሊስ ጋር። አብረን ነው የመጣነው።»

ልጇ ሲናደድ አይጮህም፤ አባቱም እንዲሁ ነበር። «እና እውነት ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የጋጋሪው ሚስት ለአክስቴ ስትደውል፣ አክስቴን አትስሚያት፣ የሰው ስም ማጥፋት ልማዷ ነው አልኳት። አባቴን እንዲህ... ለመሆኑ ጥቁርሽን አውልቀሻል?»

«አውልቄያለሁ።»

«ስሚኝ እማዬ። ዛሬ ማታ በሚመለሰው መርከብ ነይ። ወደቡ ላይ እጠብቅሻለሁ። ጥቁርሽን ለብሰሽ ትወርጃለሽ፣ ገበያ ሄዳ ነው እንላለን፣ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ካልመጣሽ ግን በሰርጌ ቀን የምወጣው ከአክስቴ ቤት ነው። ቫዮሊን መቺዎቹም ወደዚያው ይመጣሉ። አንቺን አላውቅሽም።»

ዘጋው።

በእነሱ መንደር ሙሽራ የሚወጣው ከእናቱ ደጅ ነው። ቫዮሊን መቺዎቹ ደጇ ድረስ መጥተው ይጠሩታል፤ እናት ደፏ ላይ ቆማ ስማው ትሸኘዋለች፤ ያኔ ነው መንደሩ ሁሉ ተከትሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው። እናቱ በሕይወት እያለች ከሌላ ሰው ደጅ የወጣ ሙሽራ ታይቶ አይታወቅም። ኢሲዶሮስ ባሕር ላይ በከረመባቸው ዓመታት ስቴሊዮስን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ኩፍኝ ሲይዘው፣ ክንዱ ሲሰበር፣ ለወታደርነት ሲሄድ፣ ደፏ ላይ የቆመችው እሷ ናት። ያችን ቀን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጠብቃታለች። ፓንደሊስ ከመስኮቱ ሳይንቀሳቀስ ሁሉንም ሰምቷል።

ከሰዓቱን ወደብ ዳር ካለ ሻይ ቤት ተቀምጠው አሳለፉት። ወገባቸው በቀጠነ ብርጭቆዎች ሻይ መጣ፣ ቀዘቀዘ፣ ሌላ መጣ። ፊት ለፊታቸው የሚመለሱበት መርከብ ታስሮ ቆሟል። በሁለት እጁ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ የተሸከመ ሻጭ እየጮኸ ያልፋል፤ ባልና ሚስት እየተጎሳሰሙ ይገዛሉ። አርጊሮ ታያቸዋለች። ለዚህ ነበር የመጣችው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ከወደደችው ሰው ጋር፣ ወንበር ላይ ለመቀመጥ። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

«ብትመለሺ ይሻልሻል» አለ ፓንደሊስ። «ለልጅሽ ስትይ። እኔ ምን ይቀርብኛል? እጠብቃለሁ። ሰርጉ ይለፍ።»

«ከሰርጉ በኋላስ?»

«ከሰርጉ በኋላ እናያለን።»

«ከሰርጉ በኋላ ምራቴ ታረግዛለች፣ ለእሷ ሲባል ይባላል። ከዚያ ክርስትና ይመጣል፣ ለሕፃኑ ሲባል ይባላል። ከዚያ እኔም እሞታለሁ፣ ያኔ ይገላገላሉ።» ብርጭቆዋን ገፋችው። «ልጄስ ይሁን። ልጄ የሰው ዓይን ፈርቶ ነው፣ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። አንተ ግን በፊቴ ካድከኝ። አንዴ ለኤቫንቲያ፣ አንዴ ለማታውቀን ሴትዮ።»

«ላንቺ ብዬ ነው። ስምሽን ልጠብቅ ብዬ።»

«ስሜን እኔ እጠብቀዋለሁ! አንተን ስሜን ጠብቅልኝ ያለህ አለ?»

ፓንደሊስ ትላልቅ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው። «ፈርቼ ነው» አለ። «ሞተር ክፍል ውስጥ እሳት ተነስቶ አልፈራሁም። የመንደሩ ቡና ቤት ገብቼ ወንበር ስስብ ሁሉም ዝም ሲል ይታየኛል። እሱን ፈራሁ።»

አርጊሮ አዘነችለት። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ ለካ ሰው እያዘኑለትም ይናደዱበታል። መርከቡ የመጀመሪያውን ጥሩንባ ነፋ። አርጊሮ ብድግ አለች፣ ወደ ክፍሉ ሄደች፣ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፣ ፓንደሊስን አልፋው ወደ ሰልፉ ሄደች። «እሺ» አለ እሱ ከኋላዋ፣ በቀጭን ድምፅ። «እሺ፣ አርጊሮ።»

ሰልፉ በደሴቲቱ ሰዎች ተሞልቷል፤ ሁሉም ዘንቢሉን፣ ምንጣፉን፣ የጣፋጭ ካርቶኑን አዝሏል። ኤቫንቲያ ስታያት ፊቷ በራ፣ ቦታ ለቀቀችላት።

«እሰይ የእኔ እህት! ልብ ገዛሽ። እኔም ብልግናዬ፣ አፌን ባልከፍት ጥሩ ነበር፤ ግን አፍ አይደል፣ ምን ይደረጋል።» ከዚያ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ወደቡ ላይ እየጠበቁሽ ነው አሉ፣ ልጅሽም አንጌሊኪም። መርከቡ ውስጥ ገባ ብለሽ ጥቁርሽን ልበሺ። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቅልሻለሁ፣ ማንም አይገባም።»

ደግነቷ ነው። አርጊሮም ደግነት መሆኑን አውቃለች፤ የዘገነናትም ይሄው ደግነት ነው። የመንደሩ ሴቶች ከሉን ያለበሷት ቀን፣ የኢሲዶሮስ ሬሳ ቤት ውስጥ ሳለ፣ እጇን አንስተው ሲያጠልቁላት ምንም አታውቅም ነበር። አሁን ግን በገዛ እጇ፣ እያወቀች፣ በሯ ተጠብቆላት ልትለብሰው ነው። በቁሟ፣ ራሷን በራሷ ልትገንዝ ነው። ከፊቷ ያለው ሰው ፓስፖርቱን አስመትቶ አለፈ። በመስኮቱ ያለው ፖሊስ እጁን ዘረጋላት።

«እመቤት፣ ፓስፖርት» አለ በተሰባበረ ግሪክኛ።

«አልሄድም» አለች አርጊሮ።

«ምን?»

«አልሄድም! እነሱ ይሂዱ።»

ሻንጣዋን አንስታ ሰልፉን እየገመሰች ወደ ኋላ ተመለሰች። «አርጊሮ! አንቺ ሴትዮ! አበድሽ?» ኤቫንቲያ ትጮሃለች። ሰው ሁሉ ዞረ። ፓንደሊስ ከሻይ ቤቱ ተነስቶ እየሮጠ መጣ፤ በሕይወቱ ሲሮጥ አይታው አታውቅም።

«ወደ አንተ መምጣቴ አይደለም» አለችው ሳይደርስባት። «ከሰልፉ ነው የወጣሁት።»

«ገባኝ» አለ እያለከለከ። «ገብቶኛል።» ግን አጠገቧ አልቆመም። አልፏት እስከ ሰልፉ አጥር ድረስ ሄደ፣ ያ ሁሉ የደሴቲቱ ሰው በዘንቢሉ መሀል አፉን ከፍቶ ወደሚያይበት።

«ኤቫንቲያ!» አለ። ድምፁ የሞተር ክፍል ድምፅ ነበር። «ጠዋት ዋሽቼሻለሁ። የሞተር ዕቃ የለም። ከአርጊሮ ጋር ነው የመጣሁት፣ ከእሷም ጋር ነው የምመለሰው፤ ስትፈቅድልኝ። ቡና ቤት ለተቀመጡትም ንገሪያቸው።»

«እኔ ለመናገር ያንተን ፈቃድ ስጠብቅ ኖሬያለሁ እንዴ?» አለች ኤቫንቲያ። ሰልፉ ሳቀ። የእሷ ዓይን ግን አርጊሮ ላይ ነው፤ ለረጅም ጊዜ አየቻት፣ ጥቁር ሻሿ ስር ላቧን ጠረገች። የገዛ ወንድሟን ሐዘን ከለበሰች እሷም አምስተኛ ዓመቷ ነው። «ቀሚሱን ከየት ነው የገዛሽው?» ብላ ጠየቀች ቀስ ብላ፣ መልሱን ሳትሰማ ሰልፉ ወደ ፊት ገፋት።

መርከቡ ገመዱን ፈታ። ፓንደሊስ ተመልሶ መጣና ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ፣ እስክትጠራው። አልጠራችውም፣ አላባረረችውም። ስልኳን አወጣች። ስቴሊዮስ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

«ተሳፈርሽ?»

«አልተሳፈርኩም፣ ልጄ። መርከቡ እየሄደ ነው። ወደቡ ላይ አትድከም።»

ትንፋሹ ሲወጣ ሰማችው። «እንግዲያው ነግሬሻለሁ።»

«ነግረኸኛል። አሁን ደግሞ እኔ ልንገርህ፤ አታቋርጠኝ። ከአክስትህ ቤት መውጣት ትችላለህ። ደህና ቤት ነው፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ ቫዮሊን መቺዎቹም ይመቻቸዋል። አንጌሊኪም ትሳምህ፣ ትሸኝህ፤ አልቀየማትም። ግን ከእሷ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ አንድ ነው፣ ስቴሊዮስ። ከልጅነትህ ጀምሮ የሮጥክበት ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፣ በእኔ ደጅ ነው የሚያልፈው። ሙሽራ፣ ቫዮሊን፣ ቄስ፣ መንደሩ በሙሉ፣ በደጄ ነው የምታልፉት። እኔ ደፌ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ሰማያዊ ለብሼ። ከኋላዬ ማን እንደሚቆም ገና አልወሰንኩም፤ የምቆመው እኔ ግን ነኝ። አላውቅሽም ብለሃል። እንግዲያው በመንደሩ ሁሉ ፊት፣ ዓይኔን እያየህ አላውቅሽም በለኝና እለፍ። ካልቻልክ ደግሞ ሳመኝና እለፍ።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ከወዲያ በኩል የመኪና በር ሲከፈት፣ ከዚያ አንጌሊኪ «ምን አለችህ? ምን አለችህ?» ስትል ከሩቅ ተሰማት። ስቴሊዮስ ለአክስቱ አልመለሰላትም። ስልኩንም አልዘጋውም። ይተነፍሳል፤ ሕፃን ሆኖ አልቅሶ ሊያባራ ሲል እንደሚተነፍሰው፣ ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ።

አርጊሮም አልዘጋችም።